ያልጠየቅነው በሽተኛ



ወንድሜ፣ እህቴ! እግሩ የተሰበረ ጓደኛህን ብርቱካን ይዘህ ትጠይቀዋለህ። ባይፖላር የታመመውንስ? አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ሲያወራ ያድራል፣ ገንዘቡን ይበትናል፤ ሌላ ሰሞን ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል። እኛም "ኢማኑ ደክሞ ነው" ብለን እንርቀዋለን።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ እንደሆነ አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። ስለዚህ ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ መድኃኒቱን ግን አታስጥለው።

መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ግን አብሮት አያድርም፤ ቅርቡ ያለኸው አንተ ነህ። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላልና በረመዷን ተራዊሕ አብራችሁ ስገዱ፣ ከዚያ በጊዜ ወደ ቤቱ ሸኘው። ሊትየም የሚወስድ ከሆነ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የሰውነት ውኃ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊጨምር ይችላል። አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል።

ሻል ሲለው ጠይቀው፦ "ሊነሳብህ ሲል በምን ልወቅ? ማንን ልጥራ?" መሞት እፈልጋለሁ ካለህ ብቻውን አትተወው፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ውሰደው።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ስልክ ደውል። ከጀመዓው የጠፋ፣ ማንም "የት ገባ?" ያላለው ሰው አለ።

አላህ ለታመሙት ዓፊያ ይስጣቸው፤ እኛንም ሐቃቸውን የምንወጣ ያድርገን። ኣሚን።