ሳንባውን ለማን ወረወርከው?

ልጆቼ፣ ባለፈው ገና ማግስት ጠዋት እዚሁ ዲጋ፣ ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ሦስት ውሾች አንድ የበሬ ሳንባ ሲጓተቱ አየሁ። የወረወረላቸው ወጣት ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ ይስቃል። ሳንባው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ተለጥፏል። «ልጄ፣ ይህን ለምን ጣልከው?» ብለው፣ «አባባ፣ ለውሻ እኮ ነው፤ ለሰው መች ሰጠሁ!» አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በቅርጫው ቀን ለአንዲት ቁራጭ ሽንጥ ስንት እንከራከራለን! መደቡ ተስተካክሎ፣ ዕጣ ተጥሎም ቅሬታ አይጠፋም። ከረጢት ያለበት ጉበት ሲወጣ ግን ሁሉም ባንድ ቃል «ለውሻ!» ይላል። ክርክር የለም።

ያ ከረጢት ተራ ውኃ አይደለም፤ ያልደረሰ ትል አለበት። ውሻ ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ቢያድግም ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ስድስት ሰባት ሳምንት ሲሞላው እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ለገና የተወረወረው ሳንባ እንግዲህ ውጤቱን የሚሰጠን ወደ ዐቢይ ጾም ገደማ ነው፤ እኛ ሥጋውን ረስተን ስንሰግድ። እንቁላሉ ሣር ላይ ቢወድቅ በግና ከብት ይግጡታል። ጎመን ላይ ይቀራል፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይጣበቃል፣ ውሻውን አቅፎ የሚጫወት ሕፃን በእጁ ይዞት ወደ አፉ ይወስደዋል። ያው ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ሳያሳምም ያድጋል። ውሻው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ታሞ አይታይም፤ ነገሩ የታወቀ ዕለት ግን ዱላው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ይህን የምላችሁ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ጉራቻ የሚባል ጥቁር ውሻ ነበረን። አባቴ ከብት ወደ ዴዴሳ ቆላ ሲነዳ ይከተለዋል፤ ማታ ጅብ ሲጮኽ ከበረቱ በር ንቅንቅ አይልም። በፋሲካ ሳንባውን ቆርጬ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ጥርሱ ጣቴን እንዳይነካኝ በከንፈሩ ጫፍ ነበር የሚቀበለኝ። ዛሬም ያ እርጥብ አፍንጫው መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል። ስንት በዓል በገዛ እጄ በሽታ እንዳጎረስኩት እግዜር ይወቀው። ይህን የሰማሁት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ነቀምት ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ከሚማር የጎረቤት ልጅ ነው። እኔ አላውቅም ነበር፤ አባቴም አያውቅም ነበር። ዓለሙን ሁሉ በኪሳችሁ ይዛችሁ የምትዞሩት እናንተ ግን «አልሰማንም» አትበሉኝ!

ውሻን በበዓል ስለሚጎዳው ሌላ ነገር ብዙ አልናገርም። ርችት ውሻ ካለበት ግቢ አትተኩሱ፤ ደንግጦ ገመዱን የበጠሰ ውሻ የሚገኘው አስፋልቱ ላይ ተጨፍልቆ ነው። የዶሮ ወጥ ትራፊ አትስጡት፤ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል፣ የተቀቀለው አጥንት ተሰንጥቆ ይወጋዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱን ያገኘው ሳይንቲስቱ ፓስተር ያረፈበት ሴፕቴምበር 28 የዚሁ በሽታ የዓለም ቀን ሆኖ ይከበራል፤ እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል፤ ሰክረን የምናድርበት ቀን።

ወደ ሳንባው ልመለስ። የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ነበሩ፤ ጦቢያንም በመንገዱ ውሻው ተከትሎታል። ከነናዊቷ ሴት ውሻ ይበላል ያለችው ከማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ ነው፤ ጌታው ከሚበላው ከዚያው እንጀራ። ጌታው የተጸየፈውን የታመመ ሥጋ ስጡት ያለ የት አለ?

«ታዲያ በዓሉ የእሱም አይደለም ወይ?» የምትለኝ ልጅ አትጠፋም። ልክ ነሽ ልጄ። ጤነኛውን ሳንባ 30 ደቂቃ አፍልታችሁ ስጡት፤ ያኔ አይጎዳውም። በየጊዜው ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ የትል መድኃኒት አሰጡት። ከረጢት ያለበትን ግን ወይ አቃጥሉት፣ ወይ ውሻ ጭሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። አራጁንም ቢላውን ሳያነሳ በፊት ንገሩት፤ ካረደ በኋላ የሚሰማችሁ የለም፤ ዓይኑ ቆዳው ላይ ነው።

ጉድጓዱን በዋዜማው ቆፍሩ። ዶማ የሌለው መጥቶ ከእኔ ይውሰድ፤ ባለፈው ፋሲካ የወሰደም ይመልስ።