ባዝራይቱና የማይመስላት ልጅ



በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፥ በአረርቲ ከተማ በገበያ ቀን የተገኘ ሰው ጤፍና ሽምብራ የተጫኑ አህዮችን በየመንገዱ ያያል። ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ፈረሱና በቅሎው ይበረክትለታል። በቅሎ በአገራችን የክብር መቀመጫ ሆና ኖራለች፤ መኳንንቱ ፈረሱን ለጦርነት እያስሳቡ ረጅሙን መንገድ የሚጓዙት በበቅሎ ነበር። የትውልዷ ነገር ግን መሳቂያ ሆኖ ቀርቷል። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፥ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። አባቷ አህያ ነውና አፍራ ነገሩን ማዞሯ ነው።

እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በቅሎዋ እፍረት ሳይሆን ስለ እናቷ ነው። ስለ ፈረስ ጀግንነት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ባዝራ እናትነት ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ባዝራ ውርንጭላዋን ዐሥራ አንድ ወር ያህል በማኅፀኗ ትሸከማለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው በሌሊት፥ ጸጥታ በሰፈነበት ሰዓት ነው። እንደ ወለደችም ታሸተዋለች፥ ትልሰዋለች፥ ዝግ ባለ ድምፅም ትጠራዋለች፤ ከሌላው ለይታ የምታውቀውም በዚህ ነው። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ እየተንገዳገደ ለመቆም ይታገላል፤ ይነሣል፥ ይወድቃል፥ ደግሞ ይነሣል። ደግፋ ልታነሣው አትችልም፤ ትታው ግን አትሄድም። ግቷን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ቆማ ትጠብቀዋለች። የመጀመሪያው ወተት፥ ማለትም እንገሩ፥ ለውርንጭላው ምግብ ብቻ አይደለም። በሽታን የሚቋቋምበትን ኃይል ከማኅፀን ይዞ ስለማይወጣ፥ የሚያገኘው ከዚሁ ወተት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሳይጠባ ከቀረ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ሌሎች ፈረሶች ሲጠጉም በእርሱና በእነርሱ መካከል ትገባለች። ሲተኛም ከአጠገቡ ቆማ ትጠብቀዋለች።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ከአህያ የፀነሰች ባዝራ የምትወልደው መልኳን የማይመስለውን ነው። ጆሮው ይረዝማል፤ ድምፁ እንደ እርሷ ማሽካካት አይደለም፤ ሲያድግም ዘር አይተካላትም። ሆኖም «ይህስ የእኔ አይመስልም» ብላ ጀርባዋን አትሰጠውም። ከፈረስ የወለደችውን እንደምትልስ ይህንንም ትልሰዋለች፤ እንገሩም ያው ነው፥ ጥበቃውም ያው ነው። ሰዎች በተረት የሚስቁበትን፥ እርሷ ታጠባዋለች።

ፍጥረት የፈጣሪዋን ቸርነት ትመሰክራለች። በትንቢተ ኢሳይያስ 49፥15 እግዚአብሔር ስለ እናት ርኅራኄ ይናገርና፥ የእናት ፍቅር ቢጎድል እንኳ የእርሱ ፍቅር እንደማይጎድል ያረጋግጥልናል። ወንጌላዊው ማቴዎስም (21፥2) ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ያስመጣው ውርንጭላውን ብቻ ሳይሆን እናቲቱን አህያ ጭምር መሆኑን ጽፎልናል። ትሑቱ ንጉሥ ውርንጭላውን ከእናቱ አልለየውም።

ነገር ግን የባዝራ ፍቅር ወሰን አለው። የሌላይቱ ውርንጭላ ሊጠባት ቢጠጋ ትነክሰዋለች፥ ትራገጥበታለች። እናቱ የሞተችበትን ውርንጭላ ከሌላ ባዝራ ጋር ማላመድ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ተፈጥሮ እስከዚህ ታደርሰናለች፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የጸጋ መንገድ ነው። እኛ በባሕርያችን የእግዚአብሔር ልጆች አልነበርንም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 8፥15ና በኤፌሶን 1፥5 እንደሚያስተምረን፥ በክርስቶስ አማካይነት ልጅነትን በጸጋ ተቀበልን። ቅዱስ ዮሴፍም ከአብራኩ ላልተከፈለው ሕፃን ስም አወጣለት፥ ይዞት ወደ ግብፅ ተሰደደ፥ በእጁ ሥራ አሳደገው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዓመት ለዚህ ቅዱስ መታሰቢያ እንዲሆን ያወጁት፥ እንዲህ ያለው አባትነት እንዳይረሳ ነው።

ወገኖቼ፥ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከገጠር ዘመድ ያስመጣነው ልጅ፥ የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ውኃ እንዲቀዳ ይላካል። በማዕድ ጊዜ ጥግ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። እንግዳ መጥቶ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ሲል፥ እኛም እንደ በቅሎዋ ነገሩን እናዞራለን። የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገባም ቤት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከቀያቸው ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን ከተጠለሉት ወገኖቻችን መካከልም ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በውጭ አገር ዜጎች የሚደረገውን ጉዲፈቻ የሚያስቀር ሕግ አጽድቋል። እንግዲህ ወላጅ ያጣውን ልጅ ማን ያሳድገው? መልሱ የእኛ የራሳችን ነው። አባቶቻችን «የጡት ልጅ» ብለው ባዕዱን ዘመድ ያደርጉ አልነበረምን?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በምታስተምሩበት ክፍል የሚያፍር፥ ወደ ኋላ የሚቀመጥ ልጅ ቢኖር አስቀድማችሁ በስሙ ጥሩት። ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ እንጀራው ሲቀርብ በቤታችሁ ያለውን ልጅ ሁሉ በአንድ መሶብ ዙሪያ አስቀምጡ። እንግዳ ሲጠይቃችሁም «ልጄ ነው» በሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩ።

እኛ ሳንመስለው «ልጆቼ» ብሎ የጠራን አባታችን፥ የእርሱን ልብ ይስጠን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።