ስለ ሴቶች የምንተርተው ተረትና የምንጠየቅበት ቃል

ሰው ስለሚናገረው ከንቱ ቃል ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ እንደሚሰጥ ጌታችን በወንጌል አስተምሮናል። እኛ ካህናት ይህን ትምህርት ለሕዝብ ስናደርስ ስለ ሐሜት፥ ስለ ሐሰት ምስክርነትና ስለ መሐላ እንተረጕመዋለን። ስለ ተረት ሲተረጐም ግን ሰምቼ አላውቅም። ተረት የአበው ነው፥ የተናጋሪው አይደለም፤ ስለዚህ ተናጋሪው አይጠየቅበትም የሚል አሳብ በልባችን ተቀምጧልና። ይህ አሳብ እውነት ይሁን ሐሰት እኔም ለብዙ ዘመን አልመረመርሁም ነበር። የመረመርሁት በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር በምትገኘው በመልካሳ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወርኃ ጥር ሠርግ ነበር። ሥርዓተ ተክሊሉ ተፈጽሞ ሕዝቡ በዳሱ ከተመገበ በኋላ ትምህርት እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ሙቀቱ ጸንቶ ሰዉም ተዳክሞ ስለ ነበር ጆሮውን ልመልስ ብዬ፥ ባልና ሚስት በቤታቸው ነገር እንዲመካከሩ እየመከርሁ ሳለ «ይሁን እንጂ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አልሁ። ዳሱ በሣቅ ተሞላ። ሙሽራይቱም ሣቀች። እኔም ትምህርቴ የሠመረልኝ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እነዚያው ባልና ሚስት ተጣልተው ለሽምግልና ተጠራሁ። ባልየው የአዋሽን ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ ትጉህ ሰው ነው። ሚስትየው የችግኙን፥ የናፍጣውን፥ የሠራተኛውን ወጪና የሽያጩን ገቢ በደብተር እየጻፈች ትይዝ ነበር። ባልየው ገንዘብ ተበድሮ ተጨማሪ መሬት ሊከራይ በተነሣ ጊዜ ደብተሯን አውጥታ፥ የሽንኩርቱ ዋጋ ጥቂት እንኳ ቢወርድ ዕዳው ሊከፈል እንደማይችል አስረዳችው። አልሰማትም፤ ዋጋውም ወረደ። በሽምግልናው ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፥ ሚስትህ ይህን አልነገረችህም ነበርን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «ነግራኛለች። ነገር ግን ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብለው በሠርጋችን ቀን ያስተማሩን አባታችን ራሳቸው ናቸው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። ሊዘልፈኝ ብሎ አልነበረም። እንደ ሕግ ጠቅሶ ራሱን መከላከሉ ነበር።

እንግዲህ ተረት ይህን ኃይል ከወዴት አገኘ? ስለ አንዲት ሴት ክፉ የሚናገር ሰው ስምዋን መጥራትና ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ «ሴት ያመነ ጉም የዘገነ» የሚል ግን ማንንም አይጠራምና ማስረጃ የሚጠይቀው የለም። ፍርዱ አስቀድሞ ተፈርዶ ተቀምጧል፤ ተከሳሽዋ ግን ገና አልተወለደችም። «ቀልድ ነው፤ በእኛ በካህናትና በደብተሮችስ ይቀለድ የለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፥ ይቀለድብናል፤ አንዳንዱም ይገባናል። ነገር ግን እኛ መልስ የምንሰጥበት ዐውደ ምሕረት አለን። «ሴት ለቤት፥ ወፍጮ ለዱቄት» በሚባልበት ዳስ ውስጥ ሴትየዋ ወጥ ይዛ ትዞራለች እንጂ ለመመለስ አትቀመጥም።

ከዘለፋው ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ምስጋናችን ነው። አንዲት ሴት በድፍረትዋ ወይም በብልሃትዋ ስታስደንቀን «እርስዋማ ወንድ ናት!» እንላለን። ይህም ማለት ተረቱ እንዳይፈርስ ሴትዮዋን ከሴትነት አወጣናት ማለት ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፥ በአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያው፥ ከዚህ ልማድ ፈጽሞ አልወጣም። ጦቢያ ከአባትዋ ጋር የጠፋ ወንድምዋን ፍለጋ ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ደግሞ ሌላውን ወጥመድ ያሳየናል። ሰብለ ወንጌል የተከበረች እመቤት ናት፤ አባትዋ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ አስቀርተዋት መጨረሻዋ ምንኵስና ሆነ። እርስዋን የጎዳት ንቀት ሳይሆን ማንም ልቡናዋን ያልጠየቀበት ክብር ነው። (ወይዘሮ የሚለው ማዕረግ ቀድሞ ለትልልቆቹ ቤት ልጆች ብቻ የተለየ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ ዛሬ ላገባች ሴት ሁሉ መሰጠቱን እኔ እንደ በጎ ነገር እቈጥረዋለሁ።)

ልብ ወለድን ትተን ወደ ገድላችን ብንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የንጉሡን የጦር አለቃ ባልዋን ትታ ስለ ተዋሕዶ ሃይማኖት በንጉሥ ፊት ቆመች፥ ተሰደደች፥ በጣና ዙሪያም ማኅበራትን አቋቁማ መራች። ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገድልዋን የጻፈው መነኵሴ ገላውዴዎስ እናታችን እያለ ይጠራታል እንጂ ታላቅነትዋን ለማስረዳት ወንድ ሊያደርጋት አላስፈለገውም። በቅርቡም ዘመን በጎጃም ዓይነ ስውርዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። በእሳቸው ጉባኤ ዕውቀት «በወንድ ያለቀው» ወንዶቹ ከሴት ተቀብለውት ነው። ይህን ታሪክ እኔ በሠርጉ ቀን አውቀው ነበር። እያወቅሁ ተረቱን መረጥሁ፤ ተረቱ ያስቃልና።

በዚያ ሽምግልና ከአዋሽ ማዶ የመጡ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ነበሩ። ባልየው ተረቱን በተናገረ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና በአገራቸው ልጃገረድ ስትዳር እናትዋ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር እንደምትሰጣት ነገሩን። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚዋጉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ ባለ ሲንቄይቱን የበደለም ካሣ ይፈረድበታል። ከዚያም «በእናንተ ወገን ስትዳር በእጅዋ ምን ትሰጧታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀለበት ልል ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄአቸው ስለ ጌጥ እንዳልሆነ ስለ ገባኝ ዝም አልሁ። በቤተ ክርስቲያን ያጠመቅናትና አክሊል የደፋንላት ሴት ቃልዋ እንዲሰማ የሚያደርግ ከእኛ አፍ የሚወጣ ትምህርት ካልሆነ ሌላ ምን አላት? ያንንም እኔ በሣቅ ለውጬው ነበር።

ስለዚህ ተነሥቼ «ቃሉን የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፤ በሠርጉ ቀን በሰማችሁት ፊት አነሣዋለሁ» አልሁ። ባልየው አንገቱን ደፋ። ሚስትየው ግን ቀና ብላ «አባቴ፥ ያን ቀን እኔም ሥቄ ነበር» አለችኝ። ይህ ቃልዋ ከባልዋ ክስ ይልቅ ከብዶኛል። ቀጥሎም ሽማግሌዎቹ ደብተሩ ይምጣልን አሉና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ሒሳቡን እንድታነብላቸው ጠየቋት።