ቁርበቱን ማን አነጠፈው?

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ተረቱን የምንመዘው በቀዬው ቦታ ያልነበረው ሰው ርቆ ሄዶ ክብር ሲጠይቅ ነው። የሳቁ ምንጭ ቁርበቱ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ቢሆኑ ጅቡ ቁርበቱን ሊቀመጥበት ሳይሆን ሊበላው እንደፈለገው አይጠፋቸውም ነበር።

ተረቱን በሰው ሳይሆን በአንድ ቁጥቋጦ ልፈትነው። ላንታና ይባላል፤ በእኛው ስም የወፍ ቆሎ። አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ምድር ነው። ሙቀት በበረታ ቁጥር ይፈካል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታና ውሃ የማያቁር አፈር ይበቃዋል፤ ማዳበሪያ ካበዙለት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን ብርዱ ሲያልፍ ገዝተው በረንዳ ላይ ቢያኖሩት አይቆጫቸውም። የአበባውን ራስ ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሃል ላይ ገና የፈኩት ጥቃቅን አበቦች ቢጫ ናቸው፤ ወደ ዳር የተገፉት የቆዩት ደግሞ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ቀይ። ቢራቢሮዋ የምታዘወትረው ቢጫዎቹን ነው፤ ጣፋጩ ያለው እዚያ ነውና። ሦስት ግራም ገደማ የምትመዝነው ሃሚንግበርድ የተባለችው ወፍ ደግሞ የትም ሳታርፍ፣ አየር ላይ እንደቆመች ምንቃሯን ትሰካለች።

እንዲህ ያለውን እንግዳ ማን ይመልሰዋል? በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች ወደ አውሮፓ ወሰዱት። በ1841 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ በ1858 ሃዋይ ገባ፤ ሁሉም ጋ ለጌጥ ተብሎ ነው። ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ወርሯል። ወደ እኛም መጥቶ ለአጥርና ለውበት ተተከለ፤ ጅግጅጋ አካባቢ ግን ከአጥር ወጥቶ ግጦሽ ይሻማል። የጠቆረ ፍሬውን ወፍ ትበላና ዘሩን ሩቅ ወስዳ ትጥላለች። ቅጠሉን የበላች ላም ጉበቷ ይታመማል፣ ፀሐይ ሲነካት ቆዳዋ ይላጣል።

እዚህ ላይ ተረቱ ግማሹ ይሰነጠቃል። ላንታና አንጥፉልኝ አላለም። ያነጠፉት ባለአትክልቶችና ባለችግኞች ናቸው፣ ያውም ሳይለመኑ። ጅቡን ብቻ መውቀስ፣ ለባለቤቱ የተመቸ አተረጓጎም ይመስለኛል።

«ከማያውቁት አገር» የሚለው ግን አይነቃነቅም። በአገሩ ላንታናን ቅጠሉን፣ አበባውንና ዘሩን እየበሉ ልክ የሚያስገቡት ነፍሳት ሞልተዋል። ሃዋይ የደረሰው ብቻውን ነበር። በ1902 አልበርት ኮበሌ የተባለ የነፍሳት አጥኚ ሜክሲኮ ሄዶ፣ ተክሉን የሚያጠቁ 23 ዓይነት ነፍሳት ወደ ሃዋይ ላከ። የመጤ አረምን በትውልድ አገሩ ጠላቶች ለመቆጣጠር ከተደረጉት ሙከራዎች ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ነው። ድሉ ሙሉ አልሆነም፤ መንገዱ ግን ትክክል ነበር፤ ስለ እንግዳው የሚያውቁትን ጎረቤቶቹን መጠየቅ።

ቨርጂኒያ ላይ ነፍሳቱን የሚተካ ውርጭ አለ፤ ክረምቱ ሲገባ ያከስመዋል፣ ስለዚህ ሥጋት የለም። ውርጭ እምብዛም በማይደርስበት በደቡብ ፍሎሪዳ ግን ከአገሬው የላንታና ዝርያ ጋር እየተዳቀለ ያንን ሊያጠፋው ደርሷል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፍሬ የማይቋጥሩ ዓይነቶችን ያዳቀሉት ለዚህ ነው። እነዚህን ከተከልኩ ቢራቢሮውም ይመጣል፣ ዘሩም አይሄድም።

ድሬዳዋ ላይ ለጌጥ የሚተክል ሰው ቢጠይቀኝ ግን ተው ነው የምለው። ካልሆነልህ አበባው እንደረገፈ፣ ፍሬው ሳይጠቁር ራሱን በመቀስ ቁረጠው። ሃሚንግበርድ እኛ ጋ የለችም፤ የእሷን ቦታ የያዙት አበባ ቀሳሚ ወፎች ከሆኑ የተፈለጉት፣ ራስ ክምር አለላቸው። ብርቱካናማ አበባው በግንዱ ዙሪያ ፎቅ በፎቅ የሚደረደረው፣ መንገድ ዳር ሳይተከል የሚበቅለው ማለቴ ነው። ችግኙን የሚሸጥ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።