የጣሪያ አደራ

የታዳሽ ኃይል ምንጭ የማንም የግል ሀብት አይደለም። ፀሐይ ለደጉም ለክፉውም እንደምትወጣ ወንጌል ያስተምራል፤ ውሃ፣ ግጦሽና እሳት ሰዎች የሚጋሯቸው ነገሮች መሆናቸውም በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ ተነግሯል። ሁለቱም ትምህርቶች አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ፦ ለሁሉም የተሰጠውን ለሁሉም የማድረስ አደራ የማን ነው?

በአዲስ አበባ የተለመደው መልስ «የመንግሥት» የሚል ነው፤ በሰው ልብ ያለውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ይመነጫል፤ ግድቦቹ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ቆጣሪው በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እጅ ናቸው፤ ሁለቱም የፌዴራል ተቋማት ናቸው። የከተማው ሰው «መብራት መጣ»፣ «መብራት ሄደ» ይላል፤ ከሩቅ እንደሚመጣ እንግዳ፣ ሲመጣ ደስ እንደሚያሰኝ፣ ሲቀር ግን ለምን እንደማይባል።

እንግዳ ግን ማረፊያ ይፈልጋል፤ ማረፊያው ደግሞ በከተማው እጅ ነው። መሬት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የከተማ ትራንስፖርትና የቆሻሻ አያያዝ የከተማ አስተዳደሩ፣ የክፍለ ከተማውና የወረዳው ሥራ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ የከለከለው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ግን ቦሌ ወይም መገናኛ ካለ መንገድ ዳር መገኘት አለበት።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚጨበጠው በኮንዶሚኒየም ነው። በሰሚት፣ በአያት፣ በቦሌ ቡልቡላና በቦሌ አራብሳ ብሎኮች ጣሪያው የአንድ አባወራ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የነዋሪዎች የጋራ ሀብት ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስትሰካ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሁለት ሦስት እንጀራ አውጥታ መብራት ከሄደ፣ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ ሊጡ በባልዲው ውስጥ እየኮመጠጠ ይቆያል። ይህን ያህል ጉልበት በየቤቱ በፀሐይ ማመንጨት ውድ ነው። በጣሪያው ላይ በጋራ የተተከለ ሶላር በግቢው የጋራ መጋገሪያ ያለውን ምጣድ ቢያግል፣ ጎረቤቶችም ቀን ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት በተራ ቢጋግሩ ግን ወጪው ይከፋፈላል። በጋ የግድቦች ውሃ የሚቀንስበት፣ ፀሐይ የምትበረታበት ወቅት ስለሆነ የጣሪያው ኃይል የግድቡን ሸክም ያቃልላል። እዚህ ላይ አዲሱ ነገር መሣሪያው ሳይሆን ስምምነቱ ነው። ጣሪያውን የሚያስፈቅድ፣ ተራውን የሚያስከብር፣ ጠብ ሲነሳ የሚዳኝ ደግሞ ከነዋሪው ማኅበርና ከወረዳው የቀረበ የለም።

ትልቁ አካል፣ ትንሹ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ መንጠቅ እንደሌለበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት መልእክት አስተምረዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ አስተዳደር ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቷል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል ሐሳቡን በአጭሩ ይዞታል።

ሆኖም ቅርበት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። የምሥራቁ አዲስ አበባ ቆሻሻ ለዓመታት የተጣለው በከተማዋ ሌላኛ ዳርቻ፣ በቆሼ ነበር። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው አካባቢ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ቆሻሻው የአንዱ ሰፈር፣ ሞቱ የሌላው ነበር። ስለዚህ «ጎረቤቴ ማን ነው?» የሚለው የወንጌል ጥያቄ ለአስተዳደርም ይነሳል፤ የአንድ ወረዳ ጎረቤት አጥር የሚጋራው ብቻ ሳይሆን ጥራጊውን የሚቀበለውም ነው።

በዚህ መሠረት አደራው ለሁለት ይከፈላል። ግድቡንና ታላላቅ መስመሮችን መገንባት፣ ሰፈር ከሰፈር ሳይለዩ ማዳረስ የፌዴራሉ ነው። ጣሪያን፣ መንገድን፣ የጋራ ምጣድንና ቆሻሻን በፍትሕ ማስተዳደር የከተማውና የወረዳው ነው። በጋራ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ብርሃን ሳይጠቀሙበት ሲያልፍም ጥያቄው መጀመሪያ የሚቀርበው ለቅርቡ ባለአደራ ነው።