የአምሳያ እውነትነት

የሰው ልጅ በዙሪያው የሚያየውን ነገር አሳንሶ መልሶ የመሥራት ዝንባሌ አለው። በሽንዲም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከጭቃ በሬ ያበጃል፤ ከበቆሎ አገዳም አንዳንዴ ሞፈርና ቀንበር፣ አንዳንዴም ጠመንጃ ይሠራል። የጭቃውን በሬ የተመለከተ ሽማግሌ ልጁን መርቆ ያልፋል። የአገዳውን ጠመንጃ የተመለከተ እንደሆነ ግን፣ በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተኩስ ድምፅ ለጎጃም ልጅ እንግዳ መሆኑ ከቀረ በኋላ፣ ምርቃቱ ከአፉ ላይ ይቆማል። ሁለቱም ጨዋታዎች ናቸው፤ ሁለቱም ማንንም አይጎዱም። ታዲያ የሽማግሌው ማመንታት ከምን የመነጨ ነው? የመግደያ መሣሪያን አምሳያ በጥንቃቄና በፍቅር መሥራት የእጅ ጥበብን ማሳደግ ነው ወይስ ጥፋትን ማሳመር?

ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመርመር አንድ ሁኔታ ማሰቡ ይጠቅማል። በሽንዲ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር የጦር መርከብ መድፍ አምሳያ ለመሥራት ተነሡ ይባል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ የመርከብ መድፍ መሥራቱ እንግዳ ነገር ቢመስልም ጉዳዩ ከአገሪቱ ታሪክ የራቀ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር ከአሜሪካ የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ 95 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት የባሕር ኀይሉ ትልቋ መርከብ ነበረች፤ የዕጩ መኮንኖች መለማመጃም ሆና አገልግላለች። ዋናው መድፏ የአፉ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ መርከቢቱ ወደ የመን ተሻገረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለሆነም ያችን መርከብ ከነመድፏ ማወቅ የሚሻ ትውልድ ከፎቶግራፍና ከአምሳያ በቀር መንገድ የለውም።

ልጆቹ አንድ ለሃያ በሆነ ልክ ቢሠሩ፣ የመድፉ ቱቦ ርዝመት ከአፉ ስፋት 38 እጥፍ በመሆኑ፣ 4 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር የነበረው ቱቦ ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። አፉም ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። የቤተ ክህነት ጸሐፊ ብዕሩን የሚቀርጽበት መቃ ለዚህ ይበቃል። ቀጥሎ ቱቦውን እስከ 85 ዲግሪ ሽቅብ የሚያቀናው ባለ ጥርስ ጎማ አለ፤ መድፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው መድረክ አለ፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ቱቦ ይዞ ወደ ቦታው የሚመልሰው ክፍል አለ። እነዚህን ሁሉ አስማምቶ መሥራት ትዕግሥትን ይጠይቃል። በግምት የተቆረጠ ጥርስ ከጥርስ ጋር አይገጥምም፤ በወሬ የተለካ ነገር ሥራ ላይ ሲውል ይጋለጣል።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥቅም በተለይ ለእንደኛ ዓይነቱ ኅብረተሰብ ከፍ ያለ መሆኑ አያጠያይቅም። ጎራዴ የታጠቀውን እያከበረ ጎራዴውን የሠራውን ቀጥቃጭ በቡዳነት ሲሰድብ የኖረ ባህል ብዙ ጠቢባንን አምክኗል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የችግሩን ሥር መስደድ ያመለክታል። በገዛ እጁ ጥርስ የቆረጠ፣ ቱቦ ያቀና ተማሪ ግን ሙያን የሚንቅበት አፍ አይኖረውም። ከዚህ አንፃር ሲታይ የመድፉ አምሳያ መልካም አስተማሪ ነው።

ነገር ግን የጥያቄው ሌላ ገጽ አለ። ለዚህም ከጎጃም ብዙም ሳይርቅ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተፈጸመው ሥራ ምስክር ይሆናል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የነበሩትን አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች አስገድደው ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ አሠሩና፣ በጥቁር ባሕር ዳር ባለው የመርከብ ምሽግ ስም ሴባስቶፖል ብለው ሰየሙት። በ1860 ዓ.ም. መድፉ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ሲያስጠርጉ፣ ሠራዊቱ በገመድ እየጎተተ ወራት ፈጀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሲሞቱ መድፉ እዚያው አምባ ላይ ቀረ። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያ የሴባስቶፖልን ቅርፅ ለመንገደኛው ያሳያል። የጎታቹን የተላጠ ትከሻ፣ በዚያ ዘመን በዘረፋና በቃጠሎ የተጎሳቆለውን የቤጌምድርን ገበሬ ግን አያሳይም። ቅርፁ ተላልፏል፤ ሸክሙ ከመንገድ ቀርቷል።

ይህ ጉድለት የአንድ ቀራጭ ስሕተት ሳይሆን የማናቸውም አምሳያ ጠባይ መሆኑ በሽንዲው ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የመርከቡ መድፍ አንድ ጥይት 25 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሩብ ኩንታል ይመዝናል። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው 20 ጊዜ ሲያንሱ ክብደቱ የሚያንሰው 8 ሺህ ጊዜ ነው። በመሆኑም ከዚያው ብረት የተሠራው ትንሹ ጥይት 3 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ዐሥር የበቆሎ ፍሬ ቢቆጠር ሚዛኑን ያስተካክለዋል። በመጠን ረገድ አንድም ያልተሳሳተው አምሳያ በክብደት ረገድ ከእውነቱ እጅግ ይርቃል። ዐይን አልተታለለም፤ ክንድ ግን ምንም አላወቀም። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደሚባለው፣ እውነተኛውን ሸክም ያልቀመሰ ልጅ በመዳፉ ላይ ባለችው ጥይት ማማር ይረካል።

እውነተኛው ሥራ እንዴት ነበር? ጥይቱና የባሩዱ ቀለህ ለየብቻ ይቀርባሉ፤ ሁለቱንም አንሥቶ ከመጫኛው ላይ የሚያኖራቸው የሰው ክንድ ነው። መድፉ በደቂቃ 15 ጊዜ ሲተኮስ አንድ መርከበኛ በየ4 ሴኮንዱ ሩብ ኩንታል ያነሣል። በአንድ ደቂቃ የሚወረወረው ብረት 375 ኪሎ ግራም፣ አራት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆኑ ነው። በቆሎ አምርቶ ለሚያድር የሽንዲ አካባቢ ገበሬ አራት ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ጥይቱ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ስለሚሄድ፣ ያነሣውም ሆነ የተኮሰው ሰው ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን ፊት አያይም። በእግር ቢኬድ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያስጉዝ መንገድ በመካከሉ አለ። መድፍ በራሱ አሠራር ሰውን ከሥራው ውጤት ያርቃል፤ አምሳያው ደግሞ ይህን ርቀት እጥፍ ያደርገዋል።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ አምሳያው ይከልከል የሚል አይሆንም። መሣሪያን ያለማወቅ ከመሣሪያ አድኖ አያውቅም፤ የጣሊያን ጦር የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ የጎጃም አርበኛ የጠላቱን መሣሪያ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በደሙ ተምሯል። የሚያስፈልገው አምሳያ ሠሪው የጎደለውን ነገር አውቆ እንዲሞላ ነው። መምህሩ ያለቀውን መድፍ በጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩ ከጎኑ 25 ኪሎ በቆሎ የተሞላ ጆንያ ያስቀምጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ በየ4 ሴኮንዱ፣ ጆንያውን አንሥቶ ይጣል። ከዚያ በኋላ ትንሿን ጥይት በመዳፉ ይያዛት። ያን ጊዜ 3 ግራሟ ከበፊቱ ይልቅ ትከብደዋለች፤ እጁ የተማረውን ዐይኑ አይረሳምና።

የኪነ ጥበብ ሰውም ሆነ አስተማሪው ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር አለ። የጦርነትን ነገር በሥዕል፣ በመድረክ ወይም በሐውልት የሚያሳይ ሁሉ ታላቁን ነገር አሳንሶ መሥራቱ ግድ ነው፤ ሲያሳንስም ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀልለው የሰው ሸክም ነው። ያን የቀለለውን መልሶ ማክበድ የጥበብ ተግባር ነው። የአገዳውን ጠመንጃ አይቶ ምርቃቱን የገታው ሽማግሌ ልጁን ጠልቶት አይደለም። ልጁ በትከሻው ያንጠለጠለው አገዳ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃልና፣ ያን ክብደት የሚነግርበት ቃል እስኪያገኝ ድረስ ነው የቆመው።