ዘር ቁጥር ሲሆን ባለቤቱ ማን ነው?

በካፋ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ጀበናው ሲጣድ ጎረቤት ይጠራል፤ መንገደኛም ቢሆን አረፍ እንዲል ይለመናል። እንግዳው ጠጥቶ፣ መርቆ ይወጣል፤ ጀበናውን ይዞ የሚወጣ ግን ታይቶ አይታወቅም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የግብረ ገብ ጥያቄ ከዚህ የዕለት ልማዳችን የራቀ አይደለም። ይኸውም፦ ከደናችን የተገኘ ዘር በሳይንስ መሣሪያ ተነብቦ፣ በኮምፒዩተር የተከማቸ ቁጥር በሚሆንበት ጊዜ፣ ያንን ዘር ለትውልድ ያቆዩ ሰዎች በቁጥሩ ላይ ድርሻ አላቸውን? የሚል ነው።

ውድ አንባብያን እንደምታውቁት፣ ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በቦንጋ ዙሪያ ያለው ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበውም ይህንን ሀብት ስለ ያዘ ነው። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ወይም እንደ ገብስ ደርቆ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሊቀመጥ አይችልም፤ ተተክሎ፣ ሕያው ዛፍ ሆኖ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ ደኑ ራሱ ጎተራ ነው፤ ደኑን የጠበቁ ገበሬዎችም ባለ ጎተራዎች ናቸው።

የዚህ ጎተራ ጥቅም በመከራ ጊዜ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲ.ቢ.ዲ. እየተባለ የሚጠራው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ተከሥቶ ፍሬውን በእንጭጩ ማድረቅ በጀመረ ጊዜ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ከደቡብ ምዕራብ ደን ነበር። ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መርጠው፣ በጅማው የመልኮ ምርምር ጣቢያ እየፈተኑ ዘሩን ለገበሬው አደረሱ። ዛሬም በብዙ ማሳ የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው።

ያ ሥራ በዓይን ማየትንና ዓመታት መጠበቅን ይጠይቅ ነበር። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃልና፣ አንድ ዝርያ ለማሻሻል ከሃያ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። አሁን ግን ከችግኙ አንዲት ቅጠል ተወስዳ ዲ.ኤን.ኤው ይነበባል። በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ንባብ፣ ከምርታቸውና ከበሽታ መቋቋማቸው መዝገብ ጋር በኮምፒዩተር ይነጻጸራል። ከዚህ ስሌት በኋላ ችግኙ ገና ሳያፈራ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአረቢካ ቡና ሙሉ የዘር ንባብ ታትሞ ለዓለም ተመራማሪዎች ቀርቧል።

ይህን ዕውቀት የምንጠላበት ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ አስቀድሞ ጥንቃቄ ካልተደረገ፣ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ሙቀትንና ድርቅን የሚችል ዘር ፈጥኖ መገኘቱ የልጆቻችን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን፣ በዚያን ጊዜ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ይባል ከነበረው አካባቢና ከኢሉባቦር የቡና ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ለሌሎች ቡና አብቃይ አገሮችም ተከፋፈለ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የብራዚል ሊቃውንት ከዚያ ዘር በበቀሉት መካከል ካፌይን የሌላቸው ለማለት የሚያስደፍሩ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ በኩል ብዙዎች «የእኛ ድርሻስ?» ብለው ጠየቁ። ዘር በዕቃ ተጭኖ በወጣበት ዘመን መልሱ እንዲህ ካስቸገረ፣ ዘሩ ቁጥር ሆኖ ያለ ኬላ በሚሻገርበት በዛሬው ጊዜ ምን ያህል ይከብድ!

«እንግዲያው በሩን እንዝጋው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን የሚል ሰው ግን በመጀመሪያ የራሱን ማሳ ይመልከት። በቆሎው፣ ድንቹና በርበሬው ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። እነዚያን ሰብሎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ያለመዱ ገበሬዎች እኛን አያውቁንም፤ ዋጋም አልጠየቁንም። የእነርሱን እየበላን የእኛን ብንከለክል ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ደግሞም ራብ ባለበት ስፍራ ሁሉ፣ የምድር ፍሬ ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ ስጦታ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች።

በደሉ ያለው ታዲያ ወዴት ነው? የተቀበለው ሰው በሩን ከኋላው ሲቆልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ስለ ጤፍ የተዋዋለ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዘገበ፤ ለኢትዮጵያ የተገኘው ጥቅም ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መብቱን በሆላንድ ምድር ዋጋ ያሳጣው እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት «ቼንቴሲሙስ አኑስ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ በዘመናችን ዕውቀትና ጥበብ ከመሬት የማያንስ ሀብት መሆኑን አመልክተዋል። መሬትን ለብቻ መጠቅለል ግፍ ከሆነ፣ ከሌላው ጎተራ የተቀዳ ዕውቀትን ለብቻ መጠቅለልም እንደዚያው ነው።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በጄኔቲክ ሀብቱና በዕውቀቱ ላይ ያለውን መብት ይደነግጋል። በዓለም ደረጃም በኮሎምቢያ ካሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገ ጉባኤ፣ በዘር ንባብ የሚያተርፉ ታላላቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው ወይም ከገቢያቸው የሚያዋጡበት ገንዘብ እንዲቋቋም ተወስኗል፤ ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች ፍላጎት እንዲውልም ታስቧል። መዋጮው ግን በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የሕሊና ሥራ ገና አላለቀም።

የእኛስ ፋንታ ምንድር ነው? ድርሻ የሚጠይቅ ሰው አደራ ጠባቂ መሆን አለበት። ደኑን መንጥረን ከጨረስን በኋላ ስለ ዘሩ ባለቤትነት ብንከራከር ሰሚ አናገኝም። ሽማግሌዎቻችን እያንዳንዱን የቡና ዛፍ በጠባዩ ይለያሉ፤ ይህ ዕውቀት ሳይጻፍ ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር እንዳይወርድ ልጆች ጠይቀው ይመዝግቡት። ተመራማሪ ሲመጣም እንደ ልማዳችን በደስታ እንቀበለው፤ ነገር ግን ምን እንደሚወስድ፣ የት እንደሚያኖረው፣ ምን ይዞ እንደሚመለስ በትሕትና እንጠይቀው። የቀበሌው ስምና የጠባቂዎቹ ማኅበር ከቁጥሩ ጋር አብሮ እንዲጻፍም እንለምነው፤ ስም የሌለው ስጦታ ባለ ዕዳ የለውምና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጥያቄ ከቅዳሴ በኋላ ለወጣቶች ቢያቀርቡት መልካም ነው። የጥንቱ ሕግ አጫጁ የእርሻውን ዳር ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዝ እንደ ነበር ያስታውሷቸው። የዛሬው እርሻ በከፊል በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የዚያ እርሻ ዳር የቱ ነው? የሚተወውስ ማን ነው? ቡናው ሲፈላ፣ ጎረቤት ተጠርቶ በተቀመጠበት፣ እንወያይበት።